ግራ የኋላው ጎማ

ጋሽ ገብረየስ የዩኒቨርሲቲውን የሠራተኞች ሰርቪስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድተዋል። ተሳፋሪዎቻቸውን የሚያውቋቸው ግን ፊት ለፊት አይተዋቸው ሳይሆን ከግንባራቸው በላይ በተሰቀለው ሰፊ መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ቀርበው፣ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ርቀው ይታያሉ። ሴቶች ከፊት፣ ወንዶች ከኋላ ይቀመጡ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። አውቶቡሱ አዲስ የመጣ ሰሞን ሁሉም እንዳገኘ ይቀመጥ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወንዶቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ሴቶቹ ቦርሳቸውን እያነሱ ወደ ፊት ተሰበሰቡ። በወሩ መሃል ላይ አንድ ረድፍ ባዶውን ቀረና የጃንጥላ፣ የደብተርና ከገበያ የተገዛ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያንን ረድፍ ተሻግሮ የተቀመጠ ሰው የለም።

ጋሽ ገብረየስ ነገሩን መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ለመዱት፤ ከዚያም ማጥናት ያዙ። ቱላ ባለው ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፤ አንዲት ልጃቸው ቤተልሔም ዲላ አግብታ ትኖራለች። ማልደው ከቱላ ተነስተው፣ በመናኸሪያ አልፈው፣ መሃል ከተማ ላይ የመጨረሻዎቹን ጭነው ግቢ እስኪገቡ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ የሚያዩት ሕዝብ ነው ቤተሰባቸው። ይህን ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ሴት ስትሳፈር ሰላምታዋ ከደረጃው ይጀምራል። እያንዳንዷን በስሟ ትጠራና ትናንት ማታ ካቋረጡበት ወሬ ትቀጥላለች፤ የልጅሽ ትኩሳት ወረደ ወይ፣ አከራይሽ ምን አለሽ፣ ያ ጫማ ልክሽ ሆነ ወይ ትላለች። ስትቀመጥ እንኳ ወደ ጎን ዞራ ነው፤ ጉልበቷ መተላለፊያው ላይ፣ ፊቷ ጓደኛዋ ላይ። ወንድ ሲሳፈር «ሰላም ነው» ይላል፤ ከኋላ ሁለት ሦስት ድምፅ «ሰላም» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁሉም ወደ መስኮት ያያሉ። ወሬያቸው ሩቅ ነው፤ የእንግሊዝ ኳስ፣ የነዳጅ ሰልፍ፣ የሚቀጥለው ዲን ማን እንደሚሆን። አንድ ቀን የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሠራተኛው ክብሩና የእርሻ መምህሩ እስራኤል በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ምክንያት ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በማግስቱ ከአንድ ፌስታል ለውዝ እየዘገኑ አብረው ሲበሉ ታዩ።

ከፊት ግን ኩርፊያ እንዲህ አያልቅም። የሬጅስትራሯ ታቢታና የቤተ መጻሕፍቷ ዘይነብ አንድ ጊዜ ተኳርፈው ነበር። ድምፅ አልተሰማም፤ ዘይነብ አንድ ወንበር ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች፣ ያ ብቻ። ሆኖም በዚያች አንድ ወንበር ምክንያት የፊተኞቹ ሴቶች ሁሉ አሥር ቀን ሙሉ ሲንሾካሾኩ፣ አንዷ ወደ አንዷ ስትመላለስ ከረሙ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱ ተቃቅፈው ተላቀሱ። የተጣሉበትን ጉዳይ ጋሽ ገብረየስ እስከ ዛሬ አያውቁትም።

ክብሩና እስራኤል ዘጠኝ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሰኞ ታቢታ ከፊት ተነስታ እስራኤልን እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ክብሩ ወደ ጎን ዞረ።

«ወለድክ እንዴ?»

«መንታ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«አርብ አብረን አልሄድንም?»

«ሄደናል።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«አልጠየቅከኝም።»

ወንዶቹ ይህን መልስ በቂ ሆኖ አገኙት፤ ክብሩም ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ሴቶቹ ግን ወር ሙሉ አወሩት።

ልዩነቱ ከሁሉ የሚጎላው ሰው ሲዘገይ ነው። ሴት ከዘገየች ጋሽ ገብረየስ አይጨነቁም። አውቶቡሱ ቆሞ ሳያበቃ ሁለት ሦስት ስልክ ይደወላል፤ ጋሼ አንድ ደቂቃ፣ በር እየቆለፈች ነው ይባላሉ፤ ጋሼ መታጠፊያው ላይ ደርሳለች ይባላሉ። ወንድ ከዘገየ ግን ከኋላ ዝምታ ነው። ቢበዛ አንዱ «ዛሬ ላይመጣ ነው መሰለኝ» ይላል። ለጓደኛ መደወል የሰው ኑሮ ውስጥ መግባት ይመስላቸዋል። ጋሽ ገብረየስም ወንድ ናቸውና አይደውሉም፤ ሰው እየጠበቅኩ ነው ማለትም ይከብዳቸዋል። ትቶ መሄድ ደግሞ ከሁሉ ይብስባቸዋል።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ሞተሩን ሳያጠፉ ይወርዳሉ፤ በአውቶቡሱ ዙሪያ ሄደው ግራ የኋላው ጎማ ጋ ይቆማሉ። በጫማቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል፤ ጎንበስ ብለው ያዩታል፤ ቀና ብለው ያስባሉ፤ እንደገና ይመቱታል። በዚህ መሃል የሰው ሀብት አስተዳደሩ ሙሉቀን፣ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነውና፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ከመናኸሪያው ጀርባ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ እጃቸውን ያራግፉና «ትንሽ አየር የቀነሰ መስሎኝ ነው» ብለው ይገባሉ። ወንዶቹም የጎማ ነገር ሁልጊዜ ማየት ደግ ነው ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጎማው ስንት ጊዜ በአዲስ ተቀይሯል፤ አየር መቀነሱን ግን አልተወም። ጋሽ ገብረየስ ዘዴያቸውን ያወቀባቸው ሰው አለ ብለው አስበው አያውቁም።

ስድሳ ዓመት የሞላቸው በዚህ ግንቦት ነው። የጡረታ ማስታወቂያው የደረሳቸው ከሦስት ወር በፊት ነበር። ሙሉቀን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ማኅተም አስመትቶ፣ ራሱ በሹፌሩ መስኮት አቀበላቸው። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ አላቸው፤ ፈረሙ። «በቃ?» ሲሉት «በቃ» አለና ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ደብዳቤውን በሩ ላይ ባለው ኪስ ውስጥ ከመፍቻና ከጨርቅ ጋር ከተቱት።

ያስጨነቃቸው ጡረታው ራሱ አልነበረም። ሴቶቹ እንደማይተዋቸው ያውቃሉ፤ ሴቶቹ ማንንም አይተዉም። ከአራት ዓመት በፊት ወደ ጅማ ከተዛወረች የጽዳት ሠራተኛ ጋር እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ያስጨነቋቸው ከኋላ ያሉት ናቸው። ክብሩ፣ እስራኤልና ሙሉቀን በዕድሜ ቢያንሷቸውም ጓደኛ የሚሉት ሰው ቢኖር እነሱ ናቸው። ነገር ግን የአንዳቸውንም ቤት ረግጠው አያውቁም፤ ስለ ራሳቸው ኑሮ አውርተው አያውቁም። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ከእነሱ ጋር ከነበራቸው ነገር ምን ይቀራል? ጓደኝነት ይሁን ወይስ በአንድ መንገድ መሄድ ብቻ፣ ያን ያህል ዓመት በመስታወት አይተው መለየት አልቻሉም። መጠየቅ ደግሞ አይሆንላቸውም።

ወሬው የወጣው በመጨረሻው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ዘይነብ ለሥራ ወደ ጋራዡ ጎራ ስትል ቀድሞ አምቡላንስ ትነዳ የነበረችው ሄራን የዚያን አውቶቡስ ቁልፍ ፈርማ ስትረከብ አየቻት። ማታ ታቢታ ከወንበሯ ተነስታ፣ በባዶው ረድፍ ላይ ተደግፋ ወደ ኋላ ዞራ ቆመች።

«ሙሉቀን፣ ጋሼ አርብ ጡረታ እንደሚወጡ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከየካቲት።»

«ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ ዝም አልክ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ክብሩ እኔም አውቅ ነበር አለ። እስራኤልም እንደሚያውቅ ተናገረ። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ሰምተው፣ ሦስቱም ለሦስት ወር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እንግሊዝ ኳስ ሲያወሩ ከርመዋል።

«እናንተ ሰዎች» አለች ዘይነብ «ቤታችሁ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት እስኪጠይቃችሁ ትጠብቃላችሁ።»

ታቢታ ይህን ጊዜ ወደ መስታወቱ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎም?»

ጋሽ ገብረየስ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ። «እየነዳሁ ነው፣ አታናግሪኝ» አሉ። ፊት ያለው ሕዝብ ሁሉ ሳቀባቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሴቶቹ እጅ ገባ። በዚያው ምሽት በስልክ አንድ ቡድን ተከፈተ። ረቡዕ መሃል ከተማ ኬክ ታዘዘ። ሐሙስ የቤተልሔም ስልክ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ተገኝቶ ከዲላ እንድትመጣ ተጠራች፤ ታቢታ በአንድ ጥሪ ብቻ ጋሽ ገብረየስ ለልጃቸው ነግረው የማያውቁትን የደም ግፊታቸውን ነገር ሳይቀር ነገረቻት። ለወንዶቹ የተሰጣቸው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ንግግር ማድረግ። ሦስቱ ሁለት ቀን ሙሉ እየተገፋፉ ሲሸሹት ቆይተው በመጨረሻ ሙሉቀን ላይ ወደቀ።

አርብ ከሰዓት በኋላ በግቢው የመኪና ማቆሚያ ኬኩ ተቆረሰ። ሙሉቀን ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ አደጋ መነዳቱን፣ ዓመታዊው ምርመራ ዘወትር በጊዜው መደረጉን፣ ዘይትና ማጣሪያ በደንቡ መቀየሩን አነበበ። አመሰግናለሁ ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

«ይሄ ንግግር የሰውየው ነው የመኪናው?» ብላ ዘይነብ ጠየቀችው።

ሙሉቀን ጥቂት አስቦ «የሁለቱም» አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መሪውን የያዘችው ሄራን ነበረች። ጋሽ ገብረየስ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳፋሪው ደረጃ ወጡና መተላለፊያው ላይ ቆሙ። የት እንደሚቀመጡ አላወቁም። ከፊት ሴቶቹ ተጠጋግተው ጋሼ እዚህ፣ ጋሼ እዚህ አሏቸው። ከኋላ ማንም ምንም አላለም፤ ነገር ግን እስራኤል ወደ መስኮቱ ትንሽ ሸሸት አለ፣ ክብሩም ቦርሳውን ከአጠገቡ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጋሽ ገብረየስ ሁለቱንም ወገን አዩና የባዶውን ረድፍ ጃንጥላዎች ገፋ አድርገው የተረፈውን ኬክ አቅፈው ከልጃቸው ጋር መሃል ላይ ተቀመጡ። ሄራን በመስታወቱ ስታያቸው ሳቋን መያዝ አቃታት።

ወንዶቹ አርብ አርብ ሲወርዱ የሚሉት አንድ ቃል አለ፤ «ሰኞ።» ያን ዕለትም እስራኤል «ሰኞ፣ ጋሼ» ብሎ ወረደ። ክብሩም እንደዚያው። ሙሉቀን መናኸሪያ ላይ «ሰኞ» ብሎ ጀምሮ ዋጥ አደረገው፤ ትከሻቸውን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀና ሮጦ ወረደ። ረስተውታል፣ አሉ ጋሽ ገብረየስ በልባቸው። መሄዴን እንኳ ካላስታወሱ፣ መንገድ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ቤተልሔም እሑድ ወደ ዲላ ተመለሰች። ሰኞ ጋሽ ገብረየስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተው፣ ታጥበው፣ ጃኬታቸውን ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የአውቶቡሱን ድምፅ ሰሙ፤ ሄራን ማርሽ ስትቀይር ትንሽ እንደምትቸኩል አስተዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ጮኸ። ሴቶቹ ናቸው፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ከአውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ባንዴ ያወራሉ። ቁርስ በሉ ወይ፣ የግፊቱን ኪኒን ዋጡ ወይ፣ ዛሬ ምን ሊሠሩ ነው። ጋሽ ገብረየስ በስልክ ማውራት አያውቁበትም፤ አዎ፣ አዎ፣ ምንም አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ፈገግታው ለረጅም ጊዜ ፊታቸው ላይ ቆየ።

በየቀኑ ደወሉ። ማክሰኞ ሙሉቀን እንደቀረ ነገሯቸው፤ ሄራን ሰዓቷ ሲደርስ ትነሳለች፣ የኋላዎቹም አፍ አውጥተው ጠብቂው አላሏትም፤ ምስኪኑ በባጃጅ ተከትሎ መጣ። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። ከሐሙስ ጀምሮ ዘይነብ ራሷ በጠዋቱ እየደወለች ትቀሰቅሰው ጀመር። ጋሽ ገብረየስ ይህን ሲሰሙ ደስም አላቸው፣ ከፋቸውም። ከወንዶቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድም ሰው አልደወለም። እንደማይደውሉ ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ስልኩ በጮኸ ቁጥር የማን ቁጥር እንደሆነ ያያሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቆርቆሮ በራቸው ተንኳኳ። ክብሩ ነው። ከሳምንት እስከ ሳምንት ቆማ የምትውለውን አሮጌ ቶዮታውን በር ላይ አቁሟል።

«ጋሼ፣ ይቺን ግራ የኋላውን ጎማ ቢያዩልኝ። ትንሽ አየር የቀነሰ መሰለኝ።»

ጋሽ ገብረየስ ወጥተው ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉት። ከበሮ ነው። ጎንበስ ብለው አዩት፤ በእጃቸው ተጫኑት። ምንም የለውም አሉትና ወደ ቤት ግባ ሊሉት ሲሉ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ። እስራኤል ራስ ቁሩን እያወለቀ ወረደ። ክብሩን ሲያይ ትንሽ ደነገጠ፤ ተነጋግረው እንዳልመጡ ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ የኋላው ጎማ አየር የቀነሰ መስሎኝ ነው አለ።

«ግራው ነው ቀኙ?» አሉት ጋሽ ገብረየስ።

እስራኤል ወደ ሞተር ሳይክሉ ዞሮ አየ። «ያለው» አለ።

እሱንም አዩለት፤ ድንጋይ ነው። እንግዲህ እንግባ አሏቸው። ሁለቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። ክብሩ ወደ አስፋልቱ አሻግሮ እያየ «እስቲ የኔን አንድ ጊዜ ይድገሙት» አለ። ጋሽ ገብረየስ ደገሙት። እስራኤልም ወደ አስፋልቱ እያየ የእሱም እንዲደገም ለመነ። በአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ምን ሆናችሁ ብለው በሲዳሙ አፎ ጠየቁ፤ ጋሽ ገብረየስ በዚያው ቋንቋ ጎማ ነው ብለው መለሱላቸው። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ፣ እግራቸው ጎማው ላይ እንዳለ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሰው እየጠበቁ ነው። የሚዘገይ ሰው አለ፤ አይደውሉለትም፣ እየጠበቅነው ነውም አይሉም፣ ጎማ ያስመታሉ።

ጋሽ ገብረየስ ጎማውን ከልባቸው ሦስተኛ ጊዜ መቱት።

ሙሉቀን ከሩብ ሰዓት በኋላ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ከባጃጅ ወረደ። መኪናም ሞተርም ስለሌለው ከኋላ ወንበር ላይ የትንሿን ልጁን ሮዝ ብስክሌት ጎትቶ አወጣ፤ ልጅ እንዳይወድቅ በግራና በቀኝ ትንንሽ የድጋፍ ጎማ ያለው ዓይነት ነው። በግራ በኩል ወዳለችው ትንሽ ጎማ በጣቱ ጠቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቢያዩልኝ። አየር ቀንሳለች።»

ጋሽ ገብረየስ ተቀምጠው መረመሯት። «ፕላስቲክ ናት እኮ፤ አየር አይገባባትም።»

«እኔም ለዚያ ነው የቀነሰችው ያልኩት» አለ ሙሉቀን።

ክብሩ ቀድሞ ፈነዳ፤ ከዚያ እስራኤል፤ ከዚያ ጋሽ ገብረየስ ብስክሌቷን እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በዚያው መሃል ስልካቸው ጮኸ፤ ታቢታ ናት። ይህን ያህል የሚስቀው ማን ነው አለች።

«ጎማ እያየን ነው» አሏት።

«ያ ጎማ እስካሁን አልዳነም?» አለችና እሷም ከት ብላ ሳቀች፤ ከአጠገቧ የዘይነብ ሳቅ ተሰማ። ሁለቱ ገበያ ላይ ነበሩ፤ ቅርብ ስለሆኑ ምሳ ይዘው እንደሚመጡ፣ ወንዶቹም ያለ እነሱ እንዳይሄዱ አስጠንቅቀው ዘጉት። ጋሽ ገብረየስ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ሦስቱን በየተራ አዩአቸው፤ ያለ መስታወት ሲታዩ ከሚያስቧቸው በላይ ሸብተዋል።

«የጎማውን ነገር ያወቃችሁት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያ ዓመታችን» አለ ክብሩ።

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አትነግሩኝም?»

«አልጠየቁንም» አለ ሙሉቀን።

ታቢታና ዘይነብ እስኪመጡ አራቱ ጥላው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በሰልፍ ተቀምጠው ወደ አስፋልቱ እያዩ ስለ እንግሊዝ ኳስ ተከራከሩ፤ ጋሽ ገብረየስ ክብሩን አላዋቂ እስኪሉት ድረስ። ሴቶቹ ሲገቡ ወንበሩን አይተው ሳቁና ሁለት ዱካ አምጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ ይህ ሁሉ ሰዓት ምን ስታወሩ ዋላችሁ ብለው መጠየቅም ጀመሩ። ምንም አሏቸው ወንዶቹ። እውነታቸውን ነበር።

ወደ ማታ እስራኤል ሞተሩን አስነሳ፤ ራስ ቁሩን አጠለቀና ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞሮ እጁን አነሳ።

«ቅዳሜ፣ ጋሼ።»

«ቅዳሜ» አሉት። «እስከዚያ መቀነሱ አይቀርም።»